ሞተር ግጠምልኝ ብዬው እንቢ ያለኝ ባለሙያ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ጀልባ የገዛችሁም ልትገዙ ያሰባችሁም፣ አናፖሊስ አካባቢ ፋይበርግላስ (ጀልባ የሚሠራበትን፣ በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ) የሚጠግን አንድ ወንድማችንን ላመሰግንላችሁ ነው።

አምና 17 ጫማ ርዝመት ያላት ያገለገለች ጀልባ ገዛሁ። አሮጌውን ሞተር አስነቅዬ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ላስገጥም ወሰድኳት። እሱ ግን ሞተሩን ትቶ የኋላ ግድግዳዋን፣ ትራንሰም የሚሉትን፣ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያደርግ ጀመር። ከላይ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር፤ ወደ ታች ሲወርድ ታፈነ። ከዚያ የሞተሩን ታችኛ ጫፍ ይዞ ሲወዘውዘው ግድግዳው አብሮ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ።

ለካ ከውጭ ፋይበርግላስ ይምሰል እንጂ የብዙ ጀልባ ትራንሰም ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። ቡሎን የገባበት ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውሃ እየሰረገ ለዓመታት ያበሰብሰዋል፤ ቀለሙ ግን እንዳማረበት ይቆያል። የእኔዋን የሸጠልኝ ሰው የዓሣ መፈለጊያውን ብሎን ያለ ማሸጊያ ነበር የመታው። የሞተሩ ክብደትና ግፊት ሁሉ የሚያርፈው ደግሞ እዚያችው ላይ ነው!

የበሰበሰውን ከውስጥ በኩል ቆርጦ አወጣና አዲስ ኮምፔንሳቶ ኢፖክሲ በሚባል ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ አጣብቆ፣ ፋይበርግላስ ደራርቦ ዘጋው። የቡሎን ቀዳዳዎቹን አስፍቶ በኢፖክሲ ሞላቸው፤ ሲደርቅ መሐሉን እንደገና በሳ። ውሃ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። በየደረጃው ፎቶ ይልክልኝ ነበር።

ሞተሩስ? መሪው አጠገብ የተለጠፈችውን ሰሌዳ አስነበበኝ፤ ከ90 በላይ አይፈቀድም ትላለች። «ገንዘብህን አልጠላም፣ ግን አልገጥምም» አለኝ። ትንሽ ተናድጄበት ነበር፣ አልዋሽም። ትራንሰሟ ሞተሩ የሚቀመጥበት ላይ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ስለሆነ፣ ከባድ ሞተር ሲጫንባት ጀርባዋ ይጠልቃል፤ ፍጥነት በድንገት ስትቀንስ የራሷ ማዕበል ደርሶባት በዚያው ይገባል። መልሕቅም ከኋላ አስሬ እንዳልጥል ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ፤ ገመዱ ሲወጠር ዝቅተኛውን ጎኗን ወደ ማዕበሉ ይጎትተዋልና። በመጨረሻ 90 ገጠምኩ። ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ ከነቤተሰቤ ስወጣ ከበቂ በላይ ነው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ፦ ሦስት ሳምንት ብሎኝ አምስት ሳምንት ቆየ። ርካሽም አይደለም።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ደውሉለት፤ ከዚያ በኋላ ጭንብሉን አጥልቆ ሲሞርድ ስለሚውል አያነሳም።