ሌክ ዋን፦ ታንኳውን ተከራዩ፣ ስንቁን ከቤት ያዙ

ኢሊ ከተማ ያለ አንድ የታንኳ አከራይ ሙሉ ጥቅል አቀረበልን፤ ታንኳ፣ ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ማብሰያ፣ እስከ ምግቡ ድረስ። ምግቡን ትተን ሌላውን ወሰድን። ልጆች ይዛችሁ በሰሜን ሚኒሶታ ወዳለው የሐይቆች ጥብቅ ደን፣ ወደ ባውንደሪ ዋተርስ፣ ለመግባት የምታስቡ የሚኒሶታ ሐበሾች እንዲሁ ብታደርጉ እላለሁ።

ለታንኳው ግን አትሰስቱ፣ ከቀላልና ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራውን ኬቭላሩን ውሰዱ። ክብደቱ 42 ፓውንድ ገደማ ነው፤ አሉሚኒየሙ ከባድ ነው። ከመግቢያው ሐይቅ ከሌክ ዋን ወደ ቀጣዩ ሌክ ቱ ለማለፍ ሁለት ቦታ ላይ ታንኳውን ተሸክሞ በእግር መሻገር ግድ ነው፤ አንዱ 30 ሮድ፣ ሌላው 40። አንድ ሮድ አምስት ሜትር ያህል ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው፤ ዕቃው ግን በአንድ ዙር አያልቅም። ባሕር ዳር ያደገው ባለቤቴ ብቻውን አንስቶ ትከሻው ላይ ሲያደርገው «ይኼማ ከደንገሉ ይቀላል!» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ሌክ ፎር ድረስ መሸከም የለም፣ ለልጆች የተመቸ መሆኑ ለዚህ ነው። ኬቭላር ድንጋይ አይወድም፤ ዳር ስትደርሱ ውኃው ውስጥ ወርዳችሁ አውርዱ።

በጣም ቅር ያለኝ የልጆቹ ላይፍ ጃኬት ነው። ለትንሿ ልጄ የሰጧት ሰፍቷት ወደ ጆሮዋ ይወጣ ነበር፤ ሌላ መጠን የለንም አሉን። እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ገዛንላት። ከመጫናችሁ በፊት አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጭ ካለፈ አትቀበሉ።

ስንቅን በተመለከተ፣ ጣሳና ጠርሙስ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ ግን በላስቲክ ይታሰራል፣ አይበላሽም፣ ክብደትም የለውም። በየሰፈራ ቦታው ባለው የብረት ምድጃ ላይ የሠራነውን የድርቆሽ ፍርፍር ልጆቹ ከቤት በላይ በሉት። ማታ ማታ ምግቡን ሁሉ፣ ጥርስ ሳሙናውን ጨምሮ፣ ድብ በማይከፍተው ሳጥን ቆልፉ፤ አለዚያ ከመሬት 12 ጫማ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ጊዜው? የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት። ዓሣው ያለ ሐሳብ ይበላል፣ የሰኔው ትንኝም ቀንሷል። ዎልአይ የሚባለው ዓሣ በዚያ ወቅት ወደ ጥልቁ ስለሚወርድ ፀሐይ ስትጠልቅ መንጠቆው ላይ አልቅት አድርጋችሁ ሞክሩት። ቀን ላይ ልጆቹን ያስጮሃቸው ስሞልማውዝ ባስ የሚባለው ሌላው ዓሣ ነው። ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ የሚኒሶታ ልጆች የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ አያስፈልግም፤ አዋቂ ግን ሳይዝ እንዳይሄድ። የተጠበሰው ዎልአይ በሚጥሚጣ፣ እውነቴን ነው፣ ከምግብ ቤት የበለጠ ነበር።

ሌክ ስሪ አካባቢ በ2011 የፓጋሚ ክሪክ ቃጠሎ የደረሰበት ቦታ ዛፉ ገና ወጣት ነው፣ ጥላ የለውም። ድንኳን ስትተክሉ ያረጀ ጥድ ያለበትን ምረጡ።

የመግቢያ ፈቃዱ ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 በኮታ ነው፤ ሪክሪዬሽን ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ የሚከፈተው በጃንዋሪ የመጨረሻው ረቡዕ ጠዋት ነው። የልጅ ክፍያ የአዋቂው ግማሽ ነው። በአንድ ፈቃድ ከ9 ሰውና ከ4 ታንኳ በላይ አይገባም። ባለ ሦስት መቀመጫ ኬቭላር ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ፈቃዱን በያዛችሁበት ቀን አከራዩ ጋር ደውላችሁ አስይዙት፤ የልጆቹን ክብደትም ያኔውኑ ንገሩት።