ፒኤስ፣ ፒግሬፕ፣ ቶፕ፣ ኤችቶፕ፣ ቢቶፕ፣ ፕሮክስ፦ ፕሮሰስ ለማየትና ለመፈለግ የቱ ይሻላል?

ሌሊት ላይ ድረ ገጹ ተንቀራፈፈ ተብሎ ተደወለልኝ። ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁና እንደ ልማዴ በፒኤስ የፕሮሰሶቹን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች፣ ዝርዝር አወጣሁ። የሲፒዩ አምዱ ከላይ እስከ ታች ዜሮ በዜሮ ነበር። እዚህ ችግር የለም ብዬ ወደ ዳታቤዙ፣ ከዚያም ወደ ኔትወርኩ ዞርኩ። ግማሽ ሰዓት ከባከነ በኋላ ቶፕን ስከፍት አንድ ፕሮሰስ 100 ከመቶ ይዞ አናት ላይ ተቀምጧል።

ፒኤስ አልተሳሳተም። በሊኑክስ ላይ ፒኤስ የሚያሳየው የሲፒዩ መቶኛ ፕሮሰሱ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው። ለ50 ቀን አንቀላፍቶ ኖሮ ከ10 ደቂቃ በፊት ያበደ ፕሮሰስ በዚህ ስሌት የሚደርሰው 0.01 ከመቶ ገደማ ነው፤ በአንድ አሃዝ ሲጠጋጋ 0.0 ሆኖ ይነበባል። ቶፕ ግን የሚለካው ካለፈው እድሳት ወዲህ የሆነውን ብቻ ነው።

ምርጫው ከዚህ ይጀምራል ባይ ነኝ። አንዳንዱ መሣሪያ የተሠራው "አሁን ማሽኑን ያጨናነቀው ማን ነው?" ለሚል ጥያቄ ነው፤ ሌላው ደግሞ "ያ ፕሮግራም እየሠራ ነው ወይ? ቁጥሩስ ስንት ነው?" ለሚል። ስድስቱም ክፍት ሶፍትዌር ስለሆኑ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የመጫን ፈቃድ፣ የኢንተርኔት መስመርና ቁልፎቹን የመልመድ ጊዜ ነው። የትዕዛዞቹን ስም ስንጠራቸው እንደሚሰሙት ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው።

ከመፈለጉ ልጀምር። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የተማርነው ፒኤስ ኤዩኤክስን ቃል ከሚፈልገው ግሬፕ ጋር በፓይፕ ማያያዝ ነው፤ የአንዱ ውጤት ለሌላው ይተላለፋል። ይሠራል። ነገር ግን ግሬፕ ራሱ ፕሮሰስ ነው፣ የምንፈልገው ቃልም በራሱ ትዕዛዝ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ራሱን ያገኛል። ውጤቱን የሚያነበው ሰው ከሆነ ይታለፋል። ስክሪፕት ውስጥ ሲገባ ግን የሞተ ሰርቪስ በሕይወት እንዳለ ተቆጥሮ ያድራል። ፒግሬፕ ይህን ይፈታል። ከሶላሪስ 7 ጋር የመጣ ትዕዛዝ ሲሆን ዛሬ በሊኑክስም በማክም አብሮ ይገኛል። ራሱን ከውጤቱ ያስወጣል፣ መለያ ቁጥሩን ብቻ ይመልሳል፤ በሊኑክስ ላይ ሰረዝ ኤ ሲጨመርለት ሙሉውን ትዕዛዝ ያሳያል።

ፒግሬፕ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በነባሪው የሚፈልገው በፕሮሰሱ ስም ብቻ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ ያንን ስም በ15 ፊደል ይቆርጠዋል። ሰዓት የሚያስተካክለው ሲስተምዲ-ታይምሲንክዲ በላቲን ሲጻፍ 17 ፊደል ስለሆነ በሙሉ ስሙ ቢፈለግ አይገኝም። አዲሶቹ ስሪቶች ያስጠነቅቃሉ፤ የቆዩት ዝም ይላሉ። መፍትሔው ሰረዝ ኤፍ ነው፤ ያኔ ፍለጋው በሙሉው የትዕዛዝ መስመር ላይ ይሆናል። የፓይተን ስክሪፕት ወይም የጃቫ ፕሮግራም የምትፈልጉ ከሆነም ያለ እሱ አይሆንም፤ ስማቸው ፓይተን ወይም ጃቫ ብቻ ነውና። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በስም ፈልጎ በሚገድለው በፒኪል ከመግደላችሁ በፊት ያንኑ ቃል በፒግሬፕ ሞክሩት። ሰረዝ ኤፍ ያልታሰበ ፕሮሰስንም ይስባል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፒኤስ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ራም በብዛት የያዙትን በቅደም ተከተል አውጥቶ፣ የፈለጋችሁትን አምድ ብቻ መርጦ ወደ ፋይል ለመጻፍ እሱን የሚተካ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ቶፕና ኤችቶፕ። የመጀመሪያውን ቶፕ ዊሊያም ለፌቭር በ1984 ጻፈው። ሊኑክስ ላይ የምናገኘው ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው፤ ከፒኤስና ከፒግሬፕ ጋር ፕሮክፒኤስ በሚባል አንድ ጥቅል ይመጣል። ትልቁ ብልጫው መኖሩ ነው። የሰው ሰርቨር ላይ ምንም መጫን በማይፈቀድበት ሰዓት ቶፕ አለ። ትልቁ ፒ በሲፒዩ፣ ትልቁ ኤም በራም ይደረድራል፤ ቁጥር 1 እያንዳንዱን የሲፒዩ ኮር ለብቻ ያሳያል፤ ትንሹ ሲ ሙሉውን ትዕዛዝ ይዘረጋል። እነዚህን አራት ቁልፎች የያዘ ሰው ብዙ ሌሊት ይወጣል። ወደ ፋይል የምታስቀምጡት ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ዙር አትመኑት፤ የሚነጻጸርበት ያለፈ መለኪያ ስለሌለው የሲፒዩው ቁጥር ያሳስታል። ሁለት ዙር አስሮጡና ሁለተኛውን አንብቡ።

ኤችቶፕን ሂሻም ሙሐመድ በ2004 አወጣው፤ ከፊት ያለው ኤች ከስሙ የተወሰደ ነው። ከ2020 ወዲህ ልማቱን የያዘው በጎ ፈቃደኛ ቡድን ነው። ለጀማሪ ያለ ማመንታት የምመርጠው ይህን ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ይኬዳል፣ ረጅም ትዕዛዝ ወደ ጎን ይነበባል፣ የሚጫኑት ቁልፎች ግርጌ ላይ ተጽፈዋል። ኤፍ 3 ይፈልጋል፣ ኤፍ 4 ያጣራል፣ ኤፍ 5 ማን ከማን እንደተወለደ በዛፍ ያሳያል፣ ኤፍ 9 ደግሞ ለፕሮሰሱ የሚላከውን ሲግናል (መልእክት) አስመርጦ ይገድላል። ቶፕ ላይ ለመግደል ቁጥሩን መጻፍ ያስፈልጋል፤ እዚህ መስመሩ ላይ ቆሞ መጫን ይበቃል።

የኤችቶፕ ችግር ጀማሪን የሚያስደነግጥ ነው። ገና ሲከፈት ትሬዶችን፣ ማለትም በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን፣ እንደ ራሳቸው መስመር ይዘረዝራል። አንድ የጃቫ ፕሮግራም 40 ጊዜ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ 2 ጊጋባይት ይዟል የሚል ይመስላል። አይደለም፤ ራሙ የጋራ፣ ያውም አንዱ ብቻ ነው። ትልቁ ኤች ሲጫን ትሬዶቹ ይደበቃሉ፣ ዝርዝሩም ወደ እውነተኛ መጠኑ ይመለሳል። ይህን ሳያውቁ "ራም አለቀ" ብለው ተጨማሪ ለመግዛት የተነሱ ሰዎች ገጥመውኛል።

ቢቶፕ መልከ መልካም ነው። ባሽቶፕና ቢፓይቶፕ ከተባሉት ቀዳሚዎቹ በኋላ በ2021 በሲ ፕላስ ፕላስ ተጻፈ፤ ሲፒዩን፣ ራምን፣ ዲስክንና ኔትወርክን በግራፍ በአንድ ገጽ ያሳያል፣ በማውዝም ይታዘዛል። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ደስ ይላል። ከአዲስ አበባ ሆናችሁ በሞባይል ዳታ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ውስጥ ለመሥራት ግን አልመክረውም፤ ግራፎቹ በየእድሳቱ እንደገና ይሳላሉ፣ መስመሩ ደካማ ከሆነ ቁልፉ ራሱ ዘግይቶ ይደርሳል። እዚያ ላይ በነባሪው በየ3 ሰከንዱ የሚታደሰው ቶፕ ይቀልላል።

ፕሮክስ ረስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ የፒኤስ ምትክ ነው። ከስሙ ቀጥሎ ቃል ሲሰጡት በተጠቃሚ ስምና በትዕዛዝ ውስጥ ይፈልጋል፤ ቁጥር ሲሰጡት በመለያ ቁጥር ልክ የሆነውን ብቻ ያመጣል። ውጤቱ በቀለም ይለያል፣ በዛፍም ይታያል። የፖርት (ፕሮግራሙ በኔትወርክ የሚገናኝበት በር ቁጥር) እና የዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራም ለብቻው ተከልሎ የሚሠራበት ሳጥን) ስም አምድም ሊያሳይ ይችላል፤ "ይህን ፖርት የያዘው ማን ነው?" ለሚል ሰው ይህ ብቻውን ለመጫን ምክንያት ነው። የሌላ ተጠቃሚን ፖርት ለማየት ግን የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ስክሪፕት ውስጥ አላስገባውም፤ ነገ ስክሪፕቱ የሚሄድበት ማሽን ላይ ላይኖር ይችላል።

ከገንዘባችሁ ሳይሆን ከጊዜያችሁ የምትከፍሉ ከሆነ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦ ፒግሬፕንና ቶፕን ዛሬ ልመዱ፣ ፈቃድ ባላችሁበት ማሽን ሁሉ ኤችቶፕን ጫኑ። ፖርትና ኮንቴይነር የሚያሳድድ ሥራ ላይ ያላችሁ ፕሮክስን ጨምሩ። ቢቶፕ ካሻችሁ ብቻ።

የተቀነሰ ኮንቴይነር ውስጥ ገብታችሁ ፒኤስ እንኳ ከሌለ፣ በሊኑክስ ላይ ሁሉም መረጃቸውን የሚቀዱበት ፕሮክ የሚባለው ማውጫ እዚያው አለ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ በቁጥሩ የተሰየመ የራሱ ፎልደር አለው፤ በውስጡ ኮም የሚለው ፋይል ስሙን፣ ሲኤምዲላይን የሚለው ሙሉ ትዕዛዙን ይዟል። ፋይል በሚያሳየው ካት በሚባል ትዕዛዝ ይነበባሉ።