የሴት አብራሪዎች ፍቅር፦ የሶቪየቶቹ ወይስ የአሜሪካኖቹ?

የጦርነት ጊዜ የፍቅር ልብወለድ ነፍሴ ነው። ስለ ሴት አብራሪዎች ከሆነማ ምርጫዬ ሁለት ነው።

አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው የሶቪየቶቹ 588ኛ የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንት (ክፍለ ጦር) ነው፤ አብራሪዎቹ ሴቶች ናቸው። ያበሯት የነበረችው ፖ-2 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ከእንጨትና ከሸራ የተሠራች ናት። ዒላማው ሲቃረብ የሞተሩን ድምፅ ያጠፉታል። ከዚያ የሚሰማው ክንፏን የሚመታው ነፋስ ብቻ ነው። ድምፁ በመጥረጊያ ላይ እንደምትበር ጠንቋይ ስለመሰላቸው ነው ጀርመኖች «የሌሊት ጠንቋዮች» ያሏቸው። ለረጅም ጊዜ ፓራሹት እንኳን አልነበራቸውም። እዚህ መሃል ፍቅር ሲገባ ልብ ይሰቅላል፤ ማታ የወጣችው ልጅ ንጋት ላይ መመለሷ አይታወቅማ።

ሌላው በዚያው ጦርነት የአሜሪካን አየር ኃይል ያገለገለው የሴት አብራሪዎች ቡድን፣ ዋስፕ (WASP) ነው። ከ1,000 በላይ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የሰለጠኑት ቴክሳስ፣ ስዊትዋተር ነው። አዳዲስ አውሮፕላኖችን ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር ያደርሱ ነበር። ውጊያ የለም፤ ስለዚህ ትረካው ይቀዘቅዛል ብዬ አስብ ነበር። ተሳስቻለሁ። 38ቱ በሥራ ላይ ሞተዋል። እንደ ሲቪል ስለሚቆጠሩ ግን ጓደኞቻቸው ገንዘብ አዋጥተው አስከሬን ወደ ቤተሰብ የላኩበት ጊዜ አለ። ይሄን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። በ1944 መጨረሻ ተበተኑ፤ ሰነዳቸውም ለዓመታት ታሸገ። የጦር አባልነት እውቅና ያገኙት በ1977 ነው።

የቤተሰብ ምስጢር ለሚፈልግ እንግዲህ ከዚህ የተሻለ የለም። የልጅ ልጅ የአያቷን መሳቢያ ስትከፍት የብር ክንፍ፣ የዋስፕ አብራሪዎችን ዓርማ፣ ታገኛለች። እናቷን ትጠይቃለች። እናትም አታውቅም።