ግድግዳ ስር ለሚውል ስፒከር

የኮንዶሚኒየም ሳሎኔ ጠባብ ነው። ስፒከሩን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ላርቀው ብል የበረንዳው በር አይከፈትም። የድሮዎቹ ስፒከሮቼ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) የሚወጣበት የአየር ቀዳዳቸው ከኋላ ስለነበር ቤዙ ከግድግዳው ጋር እየተላተመ ያጉረመርማል። በገና ስከፍት ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈለቃል። ቀዳዳው ውስጥ ካልሲ ወትፌም ሞክሬያለሁ። አትሳቁ፣ ትንሽ ይሠራል።

ባለፈው እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ኢላክ ዴቡ 2.0 ቢ6.2 (ELAC Debut 2.0 B6.2) የሚባሉ ስፒከሮች አስመጣሁ። የዚህ ቀዳዳ ከፊት ነው። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቄ አስቀመጥኩና ያንኑ በገና ከፈትኩ። አሁን እያንዳንዱ አውታር ለየብቻው ሲነዝር ይሰማል፤ የደርዳሪው ትንፋሽ ሳይቀር።

ግን ተአምር አትጠብቁ። ቀዳዳው የትም ይሁን የት፣ ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ ማጉላቱ አይቀርም። አንዱን ጥግ ላይ ስወሽቀው ማጉረምረሙ ተመለሰ። ከጥጉ ፈቀቅ አድርጌ፣ የአምፕሊፋየሩን ቤዝ ትንሽ ስቀንስ ተስተካከለ።

ሌላው ችግር መጠኑ ነው። 6.5 ኢንች ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) የያዘ ሣጥን ለመደርደሪያ ግዙፍ ነው። የባለቤቴን አበባ ማስቀመጫ አስነሥቷል። ይህን ነገር እስካሁን ታነሣብኛለች።