ንግግር አልባ መሆኑ ተደብቆ ስለሚሸጥ ፊልም፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት «ልዩ ማሳያ» ተብሎ በተዘጋጀ መርሐ ግብር ከመደበኛው ዋጋ በላይ ከፍዬ ያየሁት ፊልም አሁን ደግሞ በኦንላይን ለሽያጭ ስለቀረበ፣ ሌላው ተመልካች እንደ እኔ ሳያውቅ እንዳይገባበት በማሰብ ይህን ጽፌአለሁ። የፊልሙንም የሻጩንም ስም አልጠቅስም፤ በተመሳሳይ መንገድ የሚሸጡ ሌሎች ፊልሞችም ስላሉ፣ ከስሙ ይልቅ ዘዴውን ማወቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቅሬታዬ ፊልሙ ንግግር የሌለበት ወይም በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ በመሆኑ አይደለም። የላትቪያው «ፍሎው» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል ሳይነገርበት፣ አንዲት ድመት በጎርፍ ውስጥ የምታደርገውን ጉዞ ብቻ እያሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካርን የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ሽልማት ሲወስድ እጅግ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ያስቆጣኝ የተሸጠልኝ ሌላ፣ የታየኝ ደግሞ ሌላ መሆኑ ነው።

ማስታወቂያው ሁለት ደቂቃ ያህል ይረዝማል። አንዲት ሴት በሹክሹክታ ስለጠፋ ወንድሟ ትተርካለች፣ ሙዚቃው እየጋለ ይሄዳል፣ በጨለማ ኮሪደር ሰው ሲሮጥ ይታያል፤ ከሥሩም «ልብ አንጠልጣይ» የሚል ተጽፏል። ፊልሙ ውስጥ ግን የሴትዮዋ ድምፅ ጨርሶ የለም። ትረካው ለማስታወቂያው ብቻ ተብሎ የተቀዳ መሆኑን የተረዳሁት አዳራሽ ገብቼ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ሙከራዊ ሥራ ስለመሆኑም ሆነ ንግግር ስለሌለው በፖስተሩ፣ በትኬቱም ሆነ በመግለጫው ላይ አንዲት መስመር አልሰፈረችም።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተመልካቹ በትዕግሥት ጠበቀ። ተዋናይዋ አንድ ስኒ ታጥባለች፤ ታለቀልቀዋለች፤ መልሳም ታጥበዋለች። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው አብራው ለመጣችው ሴት «ቆይ፣ አሁን ይጀምራል» ሲላት ሰማሁ፤ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ያህል ደገመላት፣ በመጨረሻ ግን እሱም ዝም አለ። አንዱ ድምፁ ተበላሽቶ መስሎት ወጥቶ አስተናጋጁን ጠየቀ፤ ተመልሶ ሲገባም «እንዲሁ ነው አሉኝ» ብሎ ለጎረቤቶቹ ሲያስረዳ፣ ሳቅ ከወዲያም ከወዲህም ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ወንበር መንጫጫት፣ የስልክ ብርሃን መታየት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ መውጣት ተከተለ። ሲያልቅ የፊተኛው ረድፍ ቆሞ አጨበጨበ፤ አብዛኞቹ በፊልሙ የሠሩ እንደነበሩ ያወቅነው ወዲያው ወደ መድረክ ሲጠሩ ነው።

ይሁንና ለእውነት ስል የምጨምረው አለኝ። አጠገቤ የነበረች አንዲት ወጣት የስኒውን ትዕይንት ስታይ አለቀሰች፤ ኋላ ላይ ስንወጣ የታመሙ እናቷን ስታስታምም ያሳለፈችውን ሌሊት እንዳስታወሳት ነገረችኝ። እንባዋ የምር ነበር፤ ፊልሙ እንዲህ ያለ ተመልካች ሊኖረው እንደሚችልም አልክድም። ነገር ግን እሷም ብትሆን የመጣችው ልብ አንጠልጣይ ፊልም ልታይ ነበር።

ስለ ድምፁ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም «በጀት አልነበረንም» የሚለው መከላከያ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ንግግርን መተው ለድሃ ፕሮዳክሽን ብልህ ውሳኔ ነው፤ የተዋናይን ንግግር በቀረጻ ቦታ አጥርቶ መቅዳት፣ የተበላሸውን ስቱዲዮ ገብቶ መድገም፣ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የትርጉም ጽሑፍ ማዘጋጀት ሁሉ ይቀራል። ሆኖም ቃል ሲቀር ሸክሙ በሙሉ በእርምጃ ኮቴ፣ በትንፋሽ፣ በበር ሲጥታ፣ በክፍሉ ጸጥታ ላይ ይወድቃል። በዚህ ፊልም አንዲት ወፍ ሦስት ጊዜ ትጮሃለች፣ ዝም ትላለች፣ ከሩቅ ውሻ ይጮሃል፤ ከዚያ ያው ወፍ፣ ያው ውሻ። ይህ ቅጂ ስኒው በቀን ብርሃን ሲታጠብም፣ በእኩለ ሌሊት በዝግ ክፍል ውስጥም ሳይለወጥ ይሰማል። አንዴ ጆሮዬ ከያዘው በኋላ ሌላ ነገር መስማት አልቻልኩም። ይህን ሙከራ ብሎ መጥራት የሚሞክሩትን መስደብ ነው፤ ቸልተኝነት እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ዋናው ማሳሰቢያዬ የተመልካች አስተያየትን ይመለከታል። ፖስተሩ ላይ «እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም» የሚል የተመልካች ቃል በትልቁ ታትሟል። የሽያጭ ገጹን አስተያየቶች ወደ ታች ወርዳችሁ ብታነቡ ሙሉውን ታገኙታላችሁ፦ «እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም፤ ገንዘቤን መልሱልኝ»። የኮከቡ አማካይ ጥሩ መስሎ ይታያል፤ ዝርዝሩ ሲከፈት ግን የተሰጠው ከሞላ ጎደል አምስት ኮከብ ወይም አንድ ኮከብ ነው፣ መሃል ላይ የሰጠ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። አምስት ኮከቦቹ በብዛት የተሰጡት ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ባሉት ቀናት መሆኑን ቀኖቹን አይታችሁ ፍረዱ። በቅጠል የተከበቡት የፌስቲቫል ምልክቶችም አያታልሏችሁ፤ የማመልከቻ ክፍያ ለከፈለ ሁሉ በየወሩ ሽልማት የሚያድሉ፣ አዳራሽም ተመልካችም የሌላቸው «ፌስቲቫሎች» በኦንላይን ሞልተዋል።

ትኬት መሸጫው ዘንድ ሄጄ ገንዘቤን ስጠይቅ «ይህ ሥነ ጥበብ ነው፤ ሥነ ጥበብ ለሁሉም አይገባም» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ያልገባኝ ነገር የለም። ኋላ የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት ያገኘው «ዘ አርቲስት» በእንግሊዝ ሲታይ፣ ድምፅ አልባ መሆኑን ሳያውቁ የገቡ የሊቨርፑል ተመልካቾች ቅሬታ አቅርበው ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል፤ ያ ፊልም ደግሞ ምንነቱን የደበቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 በካሊፎርኒያ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ በማስታወቂያው የታየች ተዋናይት ከፊልሙ በመጥፋቷ በቀረበ ክስ፣ የፊልም ማስታወቂያ (ትሬለር) እንደ ማንኛውም የንግድ ማስታወቂያ በአሳሳች ማስታወቂያ ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። ውሳኔው ከዚያ አገር ውጭ አያስገድድም፤ ክርክሩን ግን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል።

ስለዚህ በኦንላይን ልትገዙት ካሰባችሁ ቢያንስ ከማስታወቂያው ሌላ ያልተቆረጠ አንድ ትዕይንት ካለ ፈልጋችሁ እዩ፤ ጥቂትም ቢሆኑ ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡ ካሉ የእነሱን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ ፊልሙን ከመክፈታችሁ በፊትም የገንዘብ ተመላሽ ደንቡን ተመልከቱ፣ ብዙ ሻጮች አንዴ መታየት ከጀመረ አይመልሱምና። እኔ የትኬቱን ቅጂና የማስታወቂያውን ቅጂ አያይዤ አቤቱታዬን በጽሑፍ ካስገባሁ አምስተኛ ቀኔ ነው። መልስ አልመጣም። ማስታወቂያው ግን ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ከነሴትዮዋ ሹክሹክታ እዚያው ነበር።