ለቪትዝ «የሸራ ሴንሰር» ከፍያለሁ፤ እናንተ እንዳትከፍሉ

ጎንደር ውስጥ ቪትዝ የምትነዱ ሁሉ፣ ይቺን አንብቡልኝ። መካኒክ «የፍሬን ሸራ ሴንሰርህ ተበላሽቷል፣ ይቀየር» ካላችሁ ብራችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። ቪትዝ የሸራን ማለቅ በመብራት የሚያሳውቅ፣ እንዲህ የሚባል ሴንሰር የላትም። እኔ ግን 4,500 ብር ከፍዬበታለሁ። የእጅ ዋጋ 600 ሲጨመር 5,100 ብር። ገንዘቡስ ይቅር። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከኋላው ሊመጣ የነበረው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከፒያሳ ቁልቁል ስወርድ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ አለች። ክብ ናት፣ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ አለ። ሜዳው ላይ ስደርስ ጠፋች። በማግስቱ ኩርባ ስዞር በራች፣ ቀጥ ስል ጠፋች። የእጅ ፍሬን በደንብ ሳልለቅ ቀርቼ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ወደ ታች ገፋሁት። እሱም አይደለም። በሦስተኛው ቀን በርታ ቀረች።

በቅርብ ወዳገኘሁት ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አየት አደረገ። አንዲት ጎማ እንኳን አልፈታም። «ወንድምዓለም፣ የሸራ ሴንሰር ነው። እኔ ጋ አንድ ኦሪጅናል ቀርታለች» አለኝ። ቀጥሎ «እስከዚያ ሻይ ጠጥተህ ና» አለ። ሄጄ ጠጣሁ። (ዘዴው ያለው ሻይዋ ላይ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።) ስመለስ መብራቱ ጠፍቷል። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፣ የወለቀውን ዕቃም አልጠየቅኩም።

ሻይ ስጠጣ የሠራው ምን መሰላችሁ? የፍሬን ዘይት ጨመረ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ያቺ ቀይ መብራት ቪትዝ ላይ ሁለት ዋና ሥራ አላት። የእጅ ፍሬን ሲሳብ ትበራለች። የፍሬን ዘይት ሲያንስም ትበራለች። ዘይቱ የሚያንሰው ደግሞ ወይ የሆነ ቦታ ሲያፈስ ነው፣ ወይ ሸራው ሲያልቅ። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ከጀርባው ሆኖ የሚገፋው ፒስተን ከጎማው ጋር ወደሚዞረው ዲስክ እየተጠጋ ይመጣል። ፒስተኑ የለቀቀውን ቦታ ዘይት ይሞላዋል። ስለዚህ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ ከላይ ያለው የዘይት መያዣ እየጎደለ ይሄዳል። መያዣው ውስጥ ተንሳፋፊ ነገር አለ። ዘይቱ ሲወርድ አብሮ ይወርድና መብራቷን ያበራታል። ቁልቁለትና ኩርባ ላይ ብቻ ብልጭ ስትል የነበረው ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ነው። በሌላ አነጋገር መኪናዬ ሦስት ቀን ሙሉ በትክክል ስትናገር ነበር። ልጁ አፏን አስያዛት፣ እኔ ከፈልኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ለለቅሶ ደባርቅ ሄድኩ። ስሄድ ከፊት ጎማ በኩል ሲጢጥ የሚል ቀጭን ጩኸት ነበር። አቧራ ነው ብዬ ናቅሁት። አቧራ አልነበረም። ቪትዝ ላይ የሸራን ማለቅ በቀጥታ የሚነግረን መብራት ሳይሆን ይሄ ጩኸት ነው። ሸራው ላይ የታጠፈች ትንሽ ብረት አለች። ሸራው ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ጫፏ ዲስኩን መንካት ትጀምራለች። ሆን ተብላ እንድትጮህ ነው የተሠራችው። አንዳንዴ ፍሬን ስትረግጡ ዝም ትላለች፣ ስትለቁ ትቀጥላለች። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከፍሬን ጋር የማያያዛት።

መመለሻው ላይ ነው ጉድ የመጣው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ጎንደር 2,100 ገደማ። አምባ ጊዮርጊስን አልፋችሁ ከኮሶዬ ወደ ወለቃ ስትወርዱ እግራችሁ ከፍሬን አይነሳም። ጩኸቱ ወደ መፋቅ ተቀየረ፣ ብረት በብረት። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ፔዳሉ ከወትሮው ወደ ታች ጠለቅ ማለት ጀመረ። ባለቤቴ ከጎኔ ናት፣ ምንም አላልኳትም። ማርሽ ቀነስኩ፣ በሞተር እያያዝኩ ዳር ላይ አቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን አቀዘቀዝነው። ቀሪውን መንገድ በዝግታ እያዘገምን ነው የገባነው። በዚያ ቀን ሊማሊሞን ወርጄ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምሆን ማሰብ አልፈልግም።

በማግስቱ አዘዞ ያለ አንድ ሸምገል ያለ መካኒክ ጋ በቀስታ ወሰድኳት። ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ክሪክ አስገባ፣ ሁለቱንም የፊት ጎማ ፈታ። የቀኙ ሸራ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የግራው የውስጠኛው ሸራ የሚባል ነገር የለውም፣ ብረቱ ዲስኩን አርሶታል። «ልጄ፣ በዚህ ነው ከደባርቅ የመጣኸው?» አለኝ። አዲሱን ሸራ ሊገጥም ፒስተኑን ወደ ኋላ ሲገፋው ከላይ ዘይቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ቶሎ ውሃ ደፋበት፣ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላልና። ቀጥሎ «ማነው ዘይት የጨመረልህ?» ሲል ጠየቀኝ። ሸራው አልቆ ዘይት ከተጨመረ አዲስ ሸራ ሲገባ ትርፉ መውጫ ያጣል። ማስረጃው ይኸው ነበር። ሴንሰርስ አልኩት። ሳቀብኝ።

አንድ ሌላ ነገር አሳየኝ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም። እርጥበት የገባበት ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የሚጨመርላችሁ ዘይት እናንተ ፊት የተከፈተ ይሁን፣ መያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን የዘይት ዓይነት፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ተመልከቱ። የሞተር ዘይት ከተጨመረበት ደግሞ ውስጥ ያለውን ጎማ ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል።

ሴንሰር ያላቸው መኪኖች የሉም እያልኩ አይደለም። ብዙ የጀርመን መኪኖች አላቸው። የእነሱ መብራት ብዙውን ጊዜ ቢጫ ናት፤ ክብ ሆና በግራና በቀኝ የተቆራረጡ ቅስቶች ከበዋታል። ሸራው ውስጥ ቀጭን ገመድ ተቀብሯል። ሸራው ሲያልቅ ዲስኩ ገመዱን ይነካዋል ወይም ይበጥሰዋል፣ መብራቷ ትበራለች። እነሱ ላይ ያለው ማጭበርበር ሌላ ነው፦ ገመዱን ቆርጠው ሁለቱን ጫፍ ያገናኙታል። መብራቷ ትጠፋለች፣ ሸራው እዚያው ነው። ደግሞ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ በሁሉም ጎማ ላይ አይደለም ያለው። መብራቷ ጠፍታም አንዱ ጎማ ላይ ሸራ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

እና ምን ታደርጋላችሁ? ጎማ ሳይፈታ ስለ ሸራ የሚያወራ ሰው ጋ አትቆዩ። አስፈትታችሁ በዓይናችሁ እዩ። አዲስ ሸራ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክብሪት እንጨት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ሸራው ከእሱ ብዙ ካልወፈረ ሰዓቱ ደርሷል። የተቀየረውን ዕቃ በእጃችሁ ተቀበሉ። እኔ «የወለቀውን ሴንሰር ስጠኝ» ብዬ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነም ቁልፉን አዙሩና የእጅ ፍሬን ሳቡ። ቀይዋ ካልበራች አምፖሏን የነቀለ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ወይም ገመዱ ተበጥሶ ይሆናል። ደላላው ምንም ቢላችሁ አትስሙት።

ያለቁትን ሸራዎች በፌስታል ይዤ ወደዚያ ልጅ ተመለስኩ። «መብራቱ ጠፍቷል አይደል? አጥፋልኝ ያልከኝ መብራት ነው» አለኝ። እሺ፣ ሴንሰሩን የት ጋ እንደገጠምከው አሳየኝ አልኩት። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መያዣው ላይ ያለውን የተንሳፋፊውን ሶኬት በጣቱ ነካ አደረገ። እሱ ከመኪናዋ ጋር ከጃፓን የመጣ ነው። ፕላስቲኩ ሙቀት በልቶት ቡናማ ሆኗል። ሁለታችንም አየነው። ትንሽ ተከራከርንና 1,500 ብር መለሰልኝ። ቀሪው «የዘይት ነው» አለ።