ለቆየ የረጅም መንገድ ሞተርሳይክል የትኛውን የቤንዚን ቱቦ፣ ማሰሪያና ፊልትሮ እንግዛ?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ አዲስ አበባ ደግሞ በደጀንና በዓባይ በረሃ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ሰው፣ ሞተርሳይክሉ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ዓመት ካለፈው፣ ከጎማና ከፍሬን ቀጥሎ ሊያስብበት የሚገባው የቤንዚን ቱቦውን ነው። ቱቦ ቆሞም ያረጃል፤ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው ተብሎ የተገዛ ሞተርሳይክል ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ቱቦ እንዳለበት ነው የሚገኘው።

ምርጫው የሚጀምረው ቤንዚኑ ከሰልባቲዮ (ከቤንዚን ማጠራቀሚያው) ወደ ሞተሩ በምን ኃይል እንደሚሄድ ከማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቢኤምደብሊው አር 100 አርቲ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅሉ ሁለት ካርቡሬተሮች ያሉት ሲሆን፣ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚወርድ በቱቦው ላይ የሚያርፈው ግፊት ከምንም አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው አር 1100 አርቲ ግን ቤንዚንን በግፊት በሚረጭ ኢንጀክተር የሚሠራ ነው፤ ፓምፑም ፊልትሮውም ሰልባቲዮው ውስጥ ናቸው፤ የመስመሩ ግፊትም 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ቢመስሉም፣ ለአንዱ የሚበቃው ቱቦ ለሌላው አደጋ ነው።

በደንብ የተሠራ ቱቦ ጎኑ ላይ በላቲን ፊደል «ኤስኤኢ 30 አር» የሚል የቱቦ ደረጃ መለያ ጽሑፍና ከእሱ ቀጥሎ አንድ ቁጥር ታትሞበት ይገኛል፤ ገዢው ማንበብ ያለበት ይህንን ቁጥር ነው። 7 የሚለው ዝቅተኛ ግፊት ላላቸው የካርቡሬተር መስመሮች የተሠራ ነው፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ በጠባብ ቦታም በቀላሉ ይታጠፋል፤ የአር 100 አርቲ ባለቤት ከዚህ በላይ መክፈል አያስፈልገውም። 9 የሚለው ለኢንጀክተር የታሰበ ሲሆን፣ የውስጥ ሽፋኑ ቤንዚንን በሚገባ ይቋቋማል፤ ወደ 7 ባር የሚጠጋ ግፊትም ይችላል። ይሁን እንጂ የውጭ ልባሱ ሙቀትንና አቧራን እንዲችል እንጂ ቤንዚን ውስጥ እንዲዘፈዘፍ የተሠራ አይደለም። 10 የሚለው ግን ከውስጥም ከውጭም ቤንዚን ቢነካው እንዳይጎዳ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ፓምፑ ሰልባቲዮ ውስጥ ለሆነ ሞተርሳይክል በዚያ ቦታ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ዋጋው ከባለ 9ኙ ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ሰው ሲጠራለት ይደነግጣል፤ ሆኖም የሚያስፈልገው አጭር ቁራጭ ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋትም በካሊፐር ይለካ፤ የሰፋን ቱቦ በማሰሪያ አጥብቆ ማስገደድ ኋላ ማንጠባጠቡን አያስቀረውም።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጋራዥ ሰልባቲዮው ውስጥ ተራ ጥቁር ቱቦ አስገብቶልኝ ነበርና፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ ጎንደር ስሄድ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ ምንም ያልነበረው ሞተር ከአዲስ ዘመን ከተማ አልፎ ባለው አቀበት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ኃይል ያጣ ጀመር። ካንዴላ ፈታሁ፣ ፊልትሮ ጠረጠርሁ፤ ከውጭ ግን ጠብታም ሽታም አልነበረም። የሰልባቲዮው ክዳን ሲከፈት ቱቦው አብጦ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ፓምፑ የሚገፋው ቤንዚን በስንጥቁ በኩል ተመልሶ እዚያው ሰልባቲዮ ውስጥ ይፈስ ስለነበር፣ ለዝግታ ጉዞ የሚበቃው ግፊት ለአቀበቱ አልበቃም። የዚህ ዓይነቱ ብልሽት ከውጭ ምልክት ስለማይሰጥ ነው አስቀድሞ መቀየር የሚያዋጣው።

ማሰሪያን በተመለከተ፣ በየሱቁ የሚገኘው ዙሪያውን የተበሳሳ ባለ ብሎን ቀበቶ ሲጠብቅ ቀዳዳዎቹ ጎማውን ስለሚበሉት፣ ለካርቡሬተር መስመር ቢታለፍም ለኢንጀክተር አልመክረውም። ውስጡ ለስላሳ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈው ዓይነት ይሻላል፤ በካቻቢቴ ስለሚፈታም ደግሞ ያገለግላል። በጉጠት ተጨምቆ የሚታሰረው ባለ አንድ ጆሮ ማሰሪያ ዙሪያውን እኩል ይይዛል፤ ነገር ግን አንዴ ከተፈታ ስለማይመለስ፣ ትርፍ ይዞ ለማይጓዝ ሰው መንገድ ላይ ያስቸግራል።

በፊልትሮ ረገድ፣ ለባጃጅ የሚሸጠው ውስጡ የሚታይ ትንሽ ፕላስቲክ ለአር 100 አርቲ መጥፎ አይደለም፤ በጀሪካን የቆየ ቤንዚን ለመቅዳት በምንገደድበት ጊዜ ዝገቱንና ውኃውን በዓይን ያሳያል። ሆኖም ቤንዚኑ በክብደቱ ብቻ ስለሚወርድ፣ በጣም ደቃቅ የሆነው የወረቀት ዓይነት ፍሰቱን ሊያዘገይ ይችላል፤ እኔ ወንፊት ያለውን እመርጣለሁ። ያንኑ ፕላስቲክ በ3 ባር መስመር ላይ ማስገባት ግን እሳት መጋበዝ ነው፤ እዚያ የሚገባው የብረት አካል ያለው የኢንጀክተር ፊልትሮ ነው፤ ቀስቱም ቤንዚኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞሩ ይረጋገጥ።

ለካርቡሬተር ከሚሸጡት ሁለት ዓይነት የጥገና ዕቃዎች መካከል ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ)፣ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) እና ስስ የጎማ ሽፋን ብቻ የያዘውን እመርጣለሁ። ሁሉንም ያካተተው ርካሽ ጥቅል ቤንዚኑን የሚመጥኑ፣ ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የነሐስ ክፍሎችም (ጄቶች) አሉበት፤ የፋብሪካው ጄት ግን በአግባቡ ቢጸዳ ረጅም ዘመን ስለሚያገለግል፣ ልኩ ባልተረጋገጠ ምትክ መለወጡ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ፓምፑም ድምፁ ካልተለወጠና ግፊቱ ካልወረደ አይነካ፤ ይልቁንም የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ስለሆነ፣ ማደያ ላይ ወረፋ በዝቷል ብሎ ሰልባቲዮውን እስከ መጨረሻው ማድረቅ ይቅር።

ሥራው ከቤት ውጭ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ ከሰል ከሚቀጣጠልበት ርቆ ይከናወን። ቱቦው ሲቆረጥም ጽሑፉ ያለበት ቁራጭ አይጣል፤ የተገዛበት ቀን ተጽፎበት ከመፍቻዎቹ ጋር ቢቀመጥ፣ በሚቀጥለው ግዢ ለሻጩ የሚታየው እሱ ነው።